የውሃ ሮኬት በኤሌክትሪክ ሲለቀቅ፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ ደሴና ኮምቦልቻ አካባቢ ላሉ የሳይንስ ክበቦች ነው። ባሩድ የለበትም፤ የሚያስወነጭፈው ውሃና አየር ነው። የኤሌክትሪኩ ሥራ የጠርሙሱን አንገት የያዘውን ፒን መሳብ ብቻ ነው።

ዕቃው፦ 2 ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ (ሲሶው ውሃ፤ የሃይላንድ ጠርሙስ ስስ ስለሆነ አይሆንም)፣ ጌጅ (የአየር ግፊትን በባር የሚያሳይ መለኪያ) ያለው የብስክሌት መንፊያ፣ የባጃጅ 12 ቮልት ባትሪ፣ የመኪና በር የሴንተር ሎክ ሞተር፣ ተነቃይ ቁልፍ፣ የደወል መጫኛ፣ 10 አምፔር ፊውዝ። ውሃ ባለበት ቦታ ከ220 ቮልት በፍጹም አትቀጥሉ።

ሲጫኑት ዝም ይላል። መጀመሪያ ፊውዙን እዩ። ከዚያ አንድ ሰው መጫኛውን ሲጫን በቴስተር ሞተሩ ጫፍ ላይ ለኩ። 12 ቮልት እየደረሰው ዝም ካለ ተቃጥሏል። የሚቃጠለውም መጫኛው ተይዞ ስለሚቆይ ነው፤ ከ1 ሰከንድ አይለፍ።

ጠቅ ይላል፣ ጉልበት ግን የለውም። ገመዱ ቀጥኗል። 10 ሜትር ርቀት ደርሶ መልስ 20 ሜትር ነው፤ በ0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ 5 አምፔር ሲያልፍ 3.5 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። በ2.5 ካሬ ግን 0.7 ብቻ። ገመዱን አሳጥሮ መገላገል ያምራል፤ ርቀቱ ግን የተቀመጠው ለሰው ደህንነት ነው።

ባዶውን ይስባል፣ ሲነፋ እምቢ ይላል። ብዙዎች እዚህ ላይ ባትሪ ይቀይራሉ፤ በከንቱ። የጠርሙሱ አፍ ውስጡ 22 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በ4 ባር 15 ኪሎ ያህል ወደ ላይ ይገፋል፣ ያ ሁሉ ፒኑ ላይ ያርፋል። ሰበቃው ብቻውን ከ4 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ትንሹ ሞተር ደግሞ እዚያው አካባቢ ያቅተዋል። ፒኑን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለስልሱና ግሪስ ቀቡት። ካልበቃ 3 ለ1 የሆነ ማንሻ ግጠሙ፤ ጉልበቱ 3 እጥፍ ሲሆን የ2 ሳንቲ ሜትሩ ጉዞ ወደ 7 ሚሊ ሜትር ስለሚወርድ ፒኑ በዚያው ልክ ይጠር። ከ4 ባር በላይ አትንፉ።

እምቢ ያለ ሮኬት ጋ ማንም አይጠጋም። ቁልፉን ነቅላችሁ ኪስ ክተቱ፣ አየሩን መንፊያው አጠገብ ባለው ቧንቧ አስተንፍሱ። ለዚህ ሲባል የማይመልስ ቫልቭ (አየር ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያሳልፍ) ከዚያ ቧንቧ ወዲያ፣ ወደ ጠርሙሱ በኩል፣ አይግባ።

ፒኑ ወጣ፣ ጠርሙሱ ቆመ። የጠርሙሱን አፍ የሚደፍነው ጎማ (የካላማዳሪ ቁራጭ) ተጣብቋል። አየሩን ካስወጣችሁ በኋላ ጎማውን ቀይሩ፣ ሳሙና ውሃ ቀቡ።

ጌጁ ቶሎ አይወጣም። ሁሉም ፍሳሽ አይደለም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ ደሴ አየሩ ስለሚሳሳ ኮምቦልቻ 50 ምት የፈጀው 54 ያህል ይፈልጋል። ልዩነቱ ከዚህ ከበዛ አየሩን ወደ ግማሽ ባር አውርዳችሁ መገጣጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ አድርጉ። ነጭ መስመር ያወጣ ጠርሙስ ካገኛችሁ አይጠገንም፤ ጣሉት።