ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሱቅ ይዞ የቴክኖሎጂን አካሄድ በቁጥር መከታተል

ስለ ቴክኖሎጂ የሚወራው አብዛኛው ወሬ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ደሴ ፒያሳ ላይ ስልክና ቻርጀር ለሚሸጥ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ሶላር ለሚነግድ፣ ኮምቦልቻ ላይ ጋራዥ ለከፈተ ሰው ግን ጥያቄው አንድ ነው። ያለችኝን ብር ምን ላይ ላውላት? ይህን የሚመልሰው መረጃ ትልቁ ክፍል እናንተው እጅ ላይ ነው ያለው። ግን አይጻፍም። ቢጻፍም አይቆጠርም።

ኮምፒውተር የግድ አይደለም። ስልክ ላይ የሚሠራው የሠንጠረዥ መተግበሪያ፣ ጎግል ሺትስ፣ ይበቃል። እሱም ከሌለ ደብተር።

መጀመሪያ ሦስት ነገር ጻፉ። የተሸጠውን በፍሬ፣ የተገዛበትንና የተሸጠበትን ዋጋ፣ እና ተጠይቆ ያልተገኘውን። ሦስተኛዋን የሚጽፍ ሰው ብዙ አላየሁም፣ እኔ ግን ከሁሉም አስበልጬ የማያት እሷን ነው። ደንበኛ ገብቶ "ይሄ አለ?" ይላል፣ "የለም" ትሉታላችሁ፣ ወጥቶ ጎረቤት ይሄዳል፣ ማታ ሒሳብ ስትዘጉ ያ ሰው የትም አልተመዘገበም። የሽያጭ ደብተር የሚያሳየው እናንተ ጋ ላለው ዕቃ ያለውን ፍላጎት ብቻ ነው። አዲስ ቴክኖሎጂ ደግሞ መጀመሪያ ብቅ የሚለው በሌላችሁ ዕቃ በኩል ነው። ስለዚህ ባንኮኒው ላይ አንድ ወረቀት ለጥፉ፣ በተጠየቀ ቁጥር አንድ ጭረት። ሱቁን የሚጠብቀው ልጅም ይልመደው። የደንበኛ ስምና ስልክ አያስፈልግም፣ ዕቃውና ቀኑ ይበቃል።

በፍሬ ቁጠሩ ያልኩት በምክንያት ነው። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የውጭ ዕቃ የሚሸጥ ሰው የ2015ን ገቢ ከ2017 ጋር በብር ቢያስተያይ ንግዱ ያደገ ሊመስለው ይችላል፣ ፍሬ ሲቆጥር ግን የሸጠው ቀንሶ ያገኘዋል። ብሩ ለትርፍ ስሌት ይጠቅማል። ፍላጎት የሚለካው በፍሬ ነው።

ቀን ላይ ተጠንቀቁ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በውጭ አገር መመሪያዎች ላይ አታገኙትም። የኛ ወር 30 ቀን ነው። አንዱ ወር 4 ሰኞ ይኖረዋል፣ ሌላው 5። ሰኞ ገበያ ከሚወጣው የገጠር ደንበኛ የምትሸጡ ከሆነ የገበያ ቀናችሁ በሩብ ጨመረ ማለት ነው። ይህን ሳያዩ "በዚህ ወር ሶላር ተነሣ" ብሎ መደምደም ያሳስታል። ስለዚህ ድምሩን በወር ሳይሆን በ4 ሳምንት አድርጉት፣ ሁሌም 4 ሰኞ ይኖረዋል። ጳጉሜንም 5 ወይም 6 ቀን ብቻ ሆና ገበታችሁ ላይ ገደል አትፈጥርም።

ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ይመጣል። ደሴ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የዘንድሮን መጋቢት ከአምና መጋቢት ጋር ብታወዳድሩ አንዱ ዒድን ይዞ ሌላው ላይዝ ይችላል። ዒድን ከዒድ ጋር አወዳድሩ፣ ማለትም ዘንድሮ ከዒድ በፊት ያሉትን 4 ሳምንታት አምና ከዒድ በፊት ከነበሩት 4 ሳምንታት ጋር። አዲስ ዓመት፣ መስቀልና የትምህርት ቤት መከፈቻ ቦታቸውን ስለማይለቁ ብዙ አያስቸግሩም።

ኤክሴልም ሆነ ጎግል ሺትስ የሚያውቀው የፈረንጁን ቀን ነው። ጥቅምት 30ን 30/02 ብላችሁ ብትጽፉ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው ቀን መሆኑን አይቀበልም፣ እንደ ተራ ጽሑፍ ይይዘዋል። ጳጉሜን 3ን 3/13 ብትሉት ማርች 13 አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ከዚያ በቀን ቅደም ተከተል አስተካክል ስትሉት ሁሉም ይደበላለቃል። መፍትሔው ሁለት ዓምድ ነው። አንዱ ላይ የፈረንጁ ቀን፣ አጠገቡ የኛ ወር በስሙ፣ "ጥቅምት" ተብሎ።

የተቋረጠ ጊዜ ካለ ባዶ ተዉት፣ ዜሮ አትጻፉ። በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር 2014 በጦርነቱ ምክንያት ሱቁ ተዘግቶ የነበረ ሰው ዜሮ ቢሞላ አማካዩ በሙሉ ይበላሻል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥም እንዲሁ። ያን ጊዜ የወረደ ሽያጭ የሰው ፍላጎት መቀነሱን አያሳይም። ከጎኑ ምክንያቱን በአንድ ቃል ጻፉ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ አታስታውሱትም።

ድርሻውን አውጡ

የቻርጀር ገመድ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዓለም ታይፕ ሲ ወደሚባለው አዲሱ መሰኪያ እየሄደ ነው። አይፎን እንኳ በ2023 እ.ኤ.አ. በአይፎን 15 ገብቶበታል፣ የአውሮፓ ኅብረትም ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ለአዳዲስ ስልኮች ግዴታ አድርጎታል። ግን ደሴ ላይ የት ደርሷል? እንበል በ4 ሳምንት 160 ገመድ ሸጣችሁ፣ 88ቱ ታይፕ ሲ ነው። 55 በመቶ። ከሦስት ወር በኋላ ገበያው ቀዝቅዞ በ4 ሳምንት 120 ብቻ ሸጣችሁ፣ ከነዚህ 84ቱ ታይፕ ሲ። ቁጥሩ ከ88 ወደ 84 ስለወረደ ታይፕ ሲ የቀነሰ ይመስላል፣ ድርሻው ግን 70 በመቶ ደርሷል። ፍሬው የገበያውን ሙቀት ይነግራችኋል፣ ድርሻው ደግሞ የቴክኖሎጂውን አካሄድ። የስልክ ጥገና የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ለጥገና የሚገባውን ስልክ ሁሉ በመሰኪያው ዓይነት ቁጠሩ፣ ከሽያጩ ቀድሞ ያሳያችኋል።

በሦስት ወር 15 ነጥብ ጨመረ ተብሎ ግን በቀጣዩ ሦስት ወር 85፣ ከዚያ 100 ይሆናል ማለት አይደለም። አሜሪካዊው ምሁር ኤቨረት ሮጀርስ በ1962 እ.ኤ.አ. አዲስ ነገር የሚቀበሉ ሰዎችን ሲከፋፍል ቀድመው የሚሞክሩትን 2.5 በመቶ፣ ተከታዮቹን 13.5፣ ከዚያ ሁለት ትልልቅ ቡድኖችን 34 እና 34፣ መጨረሻ ላይ የሚመጡትን 16 በመቶ አድርጓቸዋል። ጅማሬው ዝግ ይላል፣ መሐሉ ይፈጥናል፣ ጫፉ እንደገና ዝግ ይላል። ድርሻው ከ15 በመቶ አልፎ መፍጠን ሲጀምር ነው ዕቃው ላይ ብር የሚወጣው።

ክፍያም በዚሁ መንገድ ይቆጠራል። ቴሌብር በግንቦት 2013፣ ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ሥራ ጀምረዋል። ከ100 ደንበኛ ስንቱ በስልክ ከፈለ? መልሱ እየጨመረ ከሄደ ዝርዝር ብር ፍለጋ የምታባክኑት ጊዜ ይቀንሳል።

ከሱቅ ውጭ የሚታየው

ሰው ጎግል ላይ ምን እንደሚፈልግ የሚያሳየው ጎግል ትሬንድስ ነፃ ነው። አገሩን ኢትዮጵያ በሉት፣ የምትፈልጉትን ዕቃ በፊደላችንም በፈረንጅ ፊደልም ሞክሩ። የሚሰጣችሁ ከ0 እስከ 100 ያለው ቁጥር የፈላጊ ብዛት አይደለም። 100 ማለት በመረጣችሁት ጊዜና ቦታ ፍለጋው ከፍ ያለበት ነጥብ ነው። ፈላጊው ትንሽ ከሆነ 0 ይላል፣ ስለዚህ ለአንድ ከተማ ብዙ አትመኑበት። ለኛ የበለጠ የሚጠቅመን የመርካቶ ጅምላ ሻጮች የቴሌግራም ቻናል ነው። በየሳምንቱ በአንድ ቀን ዋጋውን ገልብጡ። የተመልካች ቁጥሩን የምታስተያዩ ከሆነ ግን እያንዳንዱን ፖስት በወጣ በሁለተኛው ቀን እዩት። የቆየው ሁልጊዜ ብዙ ተመልካች ይኖረዋል።

ኮምቦልቻ ላይ ጋራዥ ላላችሁ፣ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ በጥር 2016 ይፋ ሆኗል። ይህ ማለት ነገ በራችሁ የሚቆመው ሁሉ ኤሌክትሪክ ነው ማለት አይደለም። ቀድሞ የገባው መኪና ገና ለዓመታት ይሠራል፣ የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪናም በናፍጣ ነው የሚሄደው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ለአንድ ሰዓት መንገድ ዳር ሆናችሁ የሚያልፈውን ቁጠሩ። የኤሌክትሪኮቹን ነጂዎች ስታገኙ ደግሞ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ሲወጡ ባትሪው ስንት በመቶ እንደሚወርድ ጠይቁ። ከኮምቦልቻ ደሴ ከ25 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፣ የከፍታ ልዩነቱ ግን 600 ሜትር ያህል ነው። የሚሰጧችሁ መልስ ቻርጅ ማድረጊያ ከተማው ውስጥ ያዋጣ እንደሆነ ከየትኛውም የውጭ ዘገባ በላይ ይነግራችኋል።

ውሳኔው

ቁጥሩን ከማየታችሁ በፊት ደንባችሁን ጻፉ። ለምሳሌ "አንድ የሌለኝ ዕቃ በ4 ተከታታይ ሳምንት በየሳምንቱ ከ5 ጊዜ በላይ ከተጠየቀ፣ ከካፒታሌ አንድ አሥረኛውን አውጥቼ እሞክራለሁ፤ በ6 ሳምንት ግማሹ ካልተሸጠ አልደግመውም።" ቁጥሮቹን እናንተው ምረጡ፣ ዋናው ቀድሞ መጻፉ ነው። ዕቃውን ከወደዳችሁት በኋላ ቁጥሩን ወደ ልባችሁ መጠምዘዝ በጣም ቀላል ነውና። ጅምላ ሻጩ "ይሄ አሁን እየሄደ ነው" ሲላችሁም ወረቀቱን አውጥታችሁ እዩ።

አሮጌውንም በአንድ ቀን አትጣሉ። የድሮ ስልኮች መሰኪያ የሆነው የማይክሮ ዩኤስቢ ድርሻ 30 ወይም 20 በመቶ ሲደርስ ትዕዛዙን በዚያው ልክ ቀንሱ እንጂ አታቋርጡ። የድሮ ስልክ የያዘ ሰው ከወረኢሉ ወይም ከኩታበር መጥቶ ሱቅ ለሱቅ ሲዞር ገመዱን እናንተ ጋ ካገኘው፣ ስልኩን ሲቀይርም ወደ እናንተ ይመጣል።