ለስፔሻል ኤዲሽን ላፕቶፕ ተጨማሪ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ልዩነቱን እንዴት መመዘን ይቻላል?

የእህቴ ልጅ ባሕር ዳር ያለው የቴክኖሎጂ ካምፓስ፣ ፖሊ፣ ሊገባ ሆነና ላፕቶፕ ልንገዛ አብረን ወጣን። ጊዮርጊስ አካባቢ አንድ ሱቅ ገባን። ገና ሰላም ሳንባባል ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ያለ አንድ ቀይ ላፕቶፕ ላይ ቀረ። ክዳኑ ላይ የእሽቅድምድም መኪና ምልክት አለው። ሻጩ "ስፔሻል ኤዲሽን ነው፣ ባሕር ዳር ውስጥ ሁለተኛ አታገኙም" አለን። አጠገቡ ካለው ግራጫ ላፕቶፕ በ12 ሺህ ብር ይበልጣል። ልጁ ዞር ብሎ "ጋሼ፣ ይሄ ይሁንልኝ" አለኝ።

እኔም ከዓመታት በፊት እንዲህ ልቤ ሄዶ ባለ ልዩ ቀለም ላፕቶፕ ገዝቻለሁ። በሦስተኛው ዓመት ማጠፊያው ተሰብሮ ክዳኑን ሰነጠቀው። ጥገና ቤት ስወስደው "የተራው ክዳን አለ፣ የዚህ ግን አይገኝም" ተባልኩ። ጥቁር ክዳን ተገጠመለት። ያን ሁሉ ተጨማሪ ብር የከፈልኩት ለተጣለው ክዳን ነበር። በጣም ነው ያንገበገበኝ። ስለዚህ ልጁን እምቢ አላልኩትም፤ "መጀመሪያ እንመዝነው" አልኩት። የመዘንነው እንዲህ ነው።

1. ተራውን መንትያ ፈልጉ

ብዙው ስፔሻል ኤዲሽን ተራ መንትያ አለው። ፋብሪካው አንድ ሞዴል ይሠራል፣ ከዚያ ለተወሰነው ሌላ ቀለም ወይም ሌላ ክዳን ያለብሰዋል። ከላፕቶፑ ሥር የተጻፈውን የሞዴል ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ኢንተርኔት ላይ ፈልጉት። መንትያው ሱቁ ውስጥ ካለ ደግሞ ሁለቱንም አስከፍቱ። ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና እስኬፕን አንድ ላይ ስትጫኑ ታስክ ማናጀር የሚባል መስኮት ይመጣል። ፐርፎርማንስ የሚለውን ንኩ። ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ (ላፕቶፑ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት)፣ ዲስኩና ግራፊክሱ እዚያ ይታያል። ሻጩ ከሚነግራችሁ ይልቅ እዚያ ያያችሁትን ጻፉ።

ያገለገለ ከሆነ የክዳኑን ጠርዝ በጥፍራችሁ ዳብሱት። ተራ ላፕቶፕ ላይ የተለጠፈ ስቲከር ከሆነ ጠርዙ ላይ ይታወቃል።

2. የቀለሙን ዋጋ ለይታችሁ አውጡ

ለዚህ የምወደው ምሳሌ አፕል በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥቁር ማክቡክ ላፕቶፕ ነው። ያኔ ነጩ 1,299 ዶላር፣ ጥቁሩ 1,499 ዶላር ነበር። ፕሮሰሰራቸው አንድ ነው። ጥቁሩ የሚበልጠው በዲስክ ነው፦ 60 ጊጋ የነበረው 80 ሆነ። ግን ነጩን በ50 ዶላር ጭማሪ ባለ 80 ጊጋ ማድረግ ይቻል ነበር። 50ውን ከ200 ቀንሱ። 150 ዶላሩ ለጥቁርነቱ ብቻ የተከፈለ ነው።

እናንተም እንዲሁ ቀንሱ። ልዩው በራም ወይም በዲስክ ከበለጠ፣ ያ ጭማሪ ገበያ ላይ ለብቻው ስንት እንደሆነ ሌላ ሱቅ ጠይቁ። ከልዩነቱ ላይ ስታነሱት የቀረው የውበት ዋጋ ነው። የእኛ ቀይና ግራጫ በውስጥ ዕቃ አንድ ሆነው ተገኙ። 12 ሺህ ብሩ ሙሉ በሙሉ የቀለምና የምልክት ነበር።

3. እጃችሁ ላይ የሚሠራ ለውጥ አለ?

ሁሉም ስፔሻል ኤዲሽን ቀለም ብቻ ነው ማለት ግፍ ነው። ሌኖቮ በ2017 እ.ኤ.አ. የቲንክፓድን 25ኛ ዓመት ሲያከብር ያወጣው ላፕቶፕ የድሮውን ባለ ሰባት ረድፍ ኪቦርድ መልሶ አምጥቷል። ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ እኔም ብሆን እከፍልበት ነበር። አሱስ በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው የጠፈር መታሰቢያ ዜንቡክ ደግሞ ክዳኑ ላይ 3.5 ኢንች የሆነች ሁለተኛ ስክሪን አላት። ታምራለች፣ ግን ላፕቶፑን ከፍቶ ለሚሠራው ሰው ጀርባዋን ነው የምትሰጠው።

ጣታችሁ፣ ዓይናችሁ ወይም ጆሯችሁ በየቀኑ የሚያገኘው ለውጥ ከሆነ ቁጠሩት።

4. ከመክፈላችሁ በፊት ጥገና ቤት ሂዱ

ይህን እርምጃ አትዝለሉት፣ እባካችሁ። ከሱቁ ውጡና ላፕቶፕ የሚጠግን ሰው ጋ ሄዳችሁ የሞዴሉን ፎቶ አሳዩት። ኪቦርዱ ቢበላሽ ይገኛል? ማጠፊያውስ? ክዳኑስ? ቻርጀሩ ቢቃጠል እዚሁ ይተካል ወይስ ከአዲስ አበባ ይታዘዛል?

ልዩ እትም ላይ ልዩ የሆነው ክዳኑ፣ ኪቦርዱና እጅ የሚያርፍበት ክፍል ነው። ቶሎ የሚጎዱትም እነዚሁ ናቸው። ማዘርቦርዱ፣ ባትሪውና ዲስኩ ከመንትያው ጋር አንድ ከሆነ መለዋወጫ አይቸግርም። ያ ልዩ ክዳን ግን የሚሠራው በጥቂቱ ነው፣ እዚህ ከተማ የሚያስቀምጠውም የለም። በባጃጅ የሚመላለስ፣ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ የሚጋፋ ተማሪ ክዳን ይጎዳል። የእኔው ክዳን የተሰነጠቀው ከቤት ወደ ሥራ ስመላለስ ነው።

ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ መሆኑንም ጠይቁ። ቀጫጭኖቹ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ናቸው። ነገ ልጨምር ብትሉ አይቻልም።

5. ደጅ አውጥታችሁ እዩት

የሱቅ መብራት ሁሉንም ያሳምራል። ሻጩ ከፈቀደ በር ላይ አውጡት። ጣና ዳር ዘንባባ ሥር ቁጭ ብሎ መሥራት የሚወድ ሰው የሚያብለጨልጭ ስክሪን ፀሐይ ላይ መስታወት እንደሚሆንበት ይወቅ። ክዳኑን በጣታችሁ ንኩት፣ አሻራው ይቀራል? ጎማ ጎማ የሚል ለስላሳ ቅብ ያለው ከሆነ እጅግ ተጠንቀቁ። ያ ቅብ በሙቀት፣ በርጥበትና በእጅ ላብ ከዓመታት በኋላ እየሟሟ ይጣበቃል። ሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው ርጥበት አይጎድልበትም። ኪቦርዱ ሥር የሚበሩት ባለ ቀለም መብራቶችም ባትሪ ይበላሉ፤ መብራት በሚጠፋበት ምሽት አጥፏቸው።

መልሶ መሸጥን በተመለከተ ብዙ አልልም። ያገለገለ የሚገዛ ሰው ፕሮሰሰሩ ኮር ስንት፣ ራም ስንት፣ ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል ብሎ ነው የሚጠይቀው። ስለ ምልክቱ ተጨማሪ የሚከፍል እስካሁን አላጋጠመኝም።

6. ወስኑ

የውበቱ ዋጋ ራም ወይም ዲስክ የሚያሳጣችሁ ከሆነ ተዉት። ሁሉም ተሟልቶ ብር ከተረፋችሁና ልባችሁ ከወደደው ግን ግዙት። በየቀኑ የምታዩትን ዕቃ መውደድ ትልቅ ደስታ ነው።

የእህቴ ልጅ ግራጫውን ወሰደ። በ12 ሺህ ብሩ ራሙን ከ8 ወደ 16 ጊጋ አሳደግንለት፣ ጠንካራ ቦርሳም ተጨመረ። ክዳኑ ላይ ደግሞ የታንኳ ፎቶ በስቲከር አሳትሞ ለጠፈበት። መጀመሪያ ክዳኑን በአልኮል ጠርጎ አደረቀው። ከዚያ ስቲከሩን ከአንዱ ጠርዝ ጀምሮ በካርድ እየገፋ አስተኛው፣ አየር እንዳይቋጥር። ማጠፊያው አካባቢ ሁለት ሚሊ ሜትር ተወ፣ የአየር መውጫዎቹንም አልነካም። ፎቶውን ያነሳው ራሱ ነው፣ ማለዳ፣ ደንገል የጫነ ሰው ወደ ዳር ሲመለስ።