የኮሌጅ ፉትቦል ተጫዋች «በገንዘብ ተገዛ» ሲባል ክሱን እንዴት እናጣራ?

በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል የውድድር ዘመኑ ሲጋጋል አንድ ክስ አይጠፋም። እገሌ ወደ እገሌ ዩኒቨርሲቲ የሄደው ተከፍሎት ነው ይባላል። ወዲያው ደጋፊው ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ «ይታገድ» ይላል፣ ግማሹ «ቅናት ነው» ይላል። ተጫዋቹ ግን ብዙ ጊዜ ከ20 ዓመት ብዙም ያልራቀ ልጅ ነው። የመጫወት መብቱ፣ ስኮላርሺፑ፣ ወደ ፕሮፌሽናል ሊግ የመግባት ዕድሉ በዚያ ወሬ ላይ ይንጠለጠላል። ስለዚህ አንድ ወገን ከመያዛችን በፊት ጥቂት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል እንጠይቅ። ለማሳያ በዋናነት የካም ኒውተንን ጉዳይ እወስዳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፦ የጠየቀውንና የተቀበለውን ለዩ

ኒውተን በ2010 የኦበርን ዩኒቨርሲቲ ኳርተርባክ ነበር፤ የቡድኑን ማጥቃት የሚመራው እሱ ነው። ከዚያ በፊት ቴክሳስ ውስጥ ብሊን በሚባል የሁለት ዓመት ኮሌጅ ተጫውቷል። ከብሊን ሲወጣ ብዙዎች ፈልገውት ነበር፣ ከነሱም አንዱ ሚሲሲፒ ስቴት ነው። በ2010 ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ወሬው ፈነዳ። አባትየው ከአንድ የተጫዋች መልማይ ድርጅት ባለቤት ጋር ሆነው፣ ልጁ ሚሲሲፒ ስቴትን እንዲመርጥ እስከ 180 ሺህ ዶላር ጠይቀዋል ተባለ።

ልብ በሉ፣ ገንዘብ ተጠየቀ የተባለው ከሚሲሲፒ ስቴት ነው። ልጁ የሄደው ግን ኦበርን ነው። ሰው ሁሉ የዘለለው ይህንን ነው። «አንዱን ከጠየቁ ሌላው ከፍሏል ማለት ነው» የሚለው ግምት ያሳምናል፣ ግን ግምት ነው። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ማኅበር፣ ኤንሲ ደብል ኤ፣ ምርመራውን በ2011 ኦክቶበር ሲዘጋ ኦበርን ላይ የተረጋገጠ ጥፋት አላገኘም።

ስለዚህ ዜናውን ስታነቡ ሦስት ነገር ፈልጉ። ማን ጠየቀ? ማን ከፈለ? ገንዘቡስ በማን እጅ ገባ? ዜናው ከሦስቱ የሚመልሰው አንዱን ብቻ ከሆነ፣ ገና ክስ ነው።

ቀጥሎ፦ ልጁ ያውቅ እንደነበር ጠይቁ

ማኅበሩ በኒውተን ጉዳይ የአማተርነት ሕግ፣ ማለትም የኮሌጅ ተጫዋች ለመጫወቱ ገንዘብ እንዳይቀበል የሚከለክለው ደንብ፣ መጣሱን አረጋግጧል። አባትየው ልጃቸውን ለገበያ አቅርበዋል ብሏል። ግን ልጁ ወይም ኦበርን ይህን ያውቁ ነበር የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ የለኝም አለ። ኒውተን ያንን ዓመት የጨረሰው በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው።

ከሱ በፊት የአልበርት ሚንስ ታሪክ አለ፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው። ሚንስ የሜምፊስ ልጅ ነው፣ ግዙፍ የመከላከል መስመር ተጫዋች። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሰልጣኙ ለዩኒቨርሲቲዎች ሸጠው። የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ባለሀብት ደጋፊ ሎገን ያንግ ልጁን ወደ አላባማ ለማምጣት 150 ሺህ ዶላር ከፍሏል ተብሎ ተከሶ በ2005 ጥፋተኛ ተባለ። አላባማ በ2002 ከመደበኛው ውድድር በኋላ ከሚደረጉት የቦውል ጨዋታዎች ለሁለት ዓመት ታግዷል፣ ስኮላርሺፖችም ተቀንሰውበታል። ሚንስ ግን በአሰልጣኙ ኪስ ስለገባው ብር አላውቅም ብሎ ወደ ሜምፊስ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ መጫወቱን ቀጠለ። አንድ ልጅ አባት አድርጎ በሚያየው አሰልጣኝ ሲሸጥ ዝም ብሎ «የተገዛ ተጫዋች» ብሎ ስም መለጠፍ ግፍ ነው።

ከዚያ፦ የመጫወት መብቱን ማን እንደሚነሳና እንደሚመልስ እወቁ

ብዙ ሰው ማኅበሩ በቀጥታ ተጫዋቹን የሚያግድ ይመስለዋል። አካሄዱ እንዲህ ነው። ጥሰት መኖሩ ሲታወቅ ተጫዋቹን መጀመሪያ ከሜዳ የሚያወጣው የራሱ ዩኒቨርሲቲ ነው። «መብት የለውም» ብሎ ያውጅና፣ መብቱ እንዲመለስለት ለማኅበሩ ያመለክታል። ማኅበሩ ነገሩን መዝኖ ወይ ይመልሳል፣ ወይ ከጥቂት ጨዋታ ቅጣት ጋር ይመልሳል፣ ወይ ይከለክላል።

የኒውተን በአንድ ቀን አለቀ። ኖቬምበር 30 ላይ ኦበርን አገደው፣ ዲሴምበር 1 ላይ ማኅበሩ መለሰው። ዲሴምበር 4 ላይ ኦበርን ባለበት የዩኒቨርሲቲዎች ሊግ (ኮንፈረንስ) የፍጻሜ ጨዋታ ሳውዝ ካሮላይናን 56 ለ 17 አሸነፉ። አንድም ጨዋታ አላመለጠውም። ከሳምንት በኋላ ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን የሄይዝማን ዋንጫ ወሰደ፣ በጃንዋሪ 2011 ደግሞ ኦበርን ኦሬገንን 22 ለ 19 አሸንፎ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቢበሳጭ አልፈርድበትም። በዚያው የውድድር ዘመን የጆርጂያው ኤ.ጄ. ግሪን ለአራት ጨዋታ ታግዶ ነበር። ጥፋቱ? የራሱን ማሊያ በ1,000 ዶላር መሸጡ። ገዢው በማኅበሩ ትርጉም ከወኪል የሚቆጠር ሰው ሆኖ ተገኘ። አባት ልጁን ለገበያ ሲያቀርብ ልጁ አንድ ጨዋታ አያመልጠውም፣ ልጅ የገዛ ልብሱን ሲሸጥ አራት ጨዋታ ይቀመጣል። ከደንቡ አንጻር ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ ግሪን ራሱ ሸጦ ራሱ ተቀብሏል። ከፍትሕ አንጻር ግን እኔ እስካሁን አልተዋጠልኝም።

ሕጉ የየትኛው ዓመት እንደሆነ እዩ

የኒውተንን ውሳኔ ይዛችሁ የዛሬን ክስ አትመዝኑ። በ2012 መጀመሪያ ማኅበሩ «ወኪል» የሚለውን ትርጉም አሰፋው። ልጁን አሻሽጦ ጥቅም ለማግኘት የሚሠራ ዘመድም ቢሆን ወኪል ሆነ። አባት ጠይቆ ልጅ አላወቀም የሚባልበት ቀዳዳ በዚህ ተደፈነ።

ከዚያ በኋላ መሠረቱ ራሱ ተቀየረ። ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ማስታወቂያ ሠርተው መከፈል ቻሉ። ይህንን ኤንአይኤል ይሉታል። በ2024 ፌብሩዋሪ ቴነሲ ውስጥ አንድ ፌዴራል ዳኛ፣ ምልመላ ላይ ያሉ ልጆች ትምህርት ቤት ሳይመርጡ ስለዚህ ገንዘብ መነጋገር አይችሉም የሚለውን ክልከላ አገዱ። በጁን 2025 ደግሞ ሌላ ዳኛ ባጸደቁት የፍርድ ቤት ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው ከገቢያቸው ለተጫዋቾች በቀጥታ እንዲያካፍሉ ተፈቀደ። የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ለአንድ ትምህርት ቤት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው።

ስለዚህ ዛሬ «ተከፈለው» ብቻውን ክስ አይሆንም። ክስ የሚሆነው የተደበቀው ነው። ከ600 ዶላር ጀምሮ ከውጭ የሚመጣ ውል መመዝገብ አለበት። በተለይ ከባለሀብት ደጋፊ ሲመጣ እውነተኛ የንግድ ሥራ አለው ወይ ተብሎ ይታያል። ልጁ አንድ ቀን ፎቶ ተነስቶ ከገበያ ዋጋ በላይ ቢከፈለው፣ በማስታወቂያ ስም የተከፈለ የምልመላ ብር ነው የሚል ጥርጣሬ ይነሳል። ያልተመዘገበ ውል ደግሞ የመጫወት መብትን አደጋ ላይ ይጥላል።

ቅጣቱ ማን ላይ እንዳረፈም ተመልከቱ

ሬጂ ቡሽ የተባለ ተጫዋች በዩኤስሲ (የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) እያለ ቤተሰቡ ወኪል መሆን ከሚፈልጉ ሰዎች ገንዘብና የመኖሪያ ቤት ጥቅም አግኝቷል ተብሎ፣ ዩኒቨርሲቲው በጁን 2010 የሁለት ዓመት የቦውል እገዳና የ30 ስኮላርሺፕ ቅነሳ ደረሰበት። ቡሽ ግን በ2006 ወደ ፕሮፌሽናል ሊግ ሄዷል። ቅጣቱን የተሸከሙት በዚያ ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የነበሩ ልጆች ናቸው። ቡሽ ራሱ የመለሰው የሄይዝማን ዋንጫ በ2024 ተመልሶለታል። ክስ ስትሰሙ «ይቀጣ» ከማለታችሁ በፊት፣ ቅጣቱ ሲመጣ በሜዳው ላይ የሚኖረው ማን እንደሆነ አስቡ።

ልጃችሁ ተፈላጊ ከሆነ

ሜሪላንድ፣ ሚኒሶታ ወይም ቴክሳስ ያላችሁ ወላጆች፣ ቤታችሁ አሰልጣኝ ቢመጣ እንዲህ አድርጉ። መካከለኛ ነኝ ባይ ሲመጣ ማንን እንደሚወክል በጽሑፍ ጠይቁ። በእናንተ ስም ማንም ስለ ብር እንዳያወራ፣ አጎትም ሆነ የቤተሰብ ወዳጅ። ልጁ ገና ሁለተኛ ደረጃ ላይ ከሆነ የግዛታችሁን የትምህርት ቤቶች ስፖርት ማኅበር ደንብ አስቀድማችሁ እዩ፤ ኮሌጅ የሚፈቅደው እዚያ ሊከለከል ይችላል።

ልጁ በኤፍ-1 የተማሪ ቪዛ ላይ ከሆነ ደግሞ ምንም ከመፈረሙ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይየው። ለግሪን ካርድ ባለቤት ችግር ያልሆነው ገንዘብ ለሱ ያልተፈቀደ ሥራ ሊባል ይችላል።

ውል ከመጣ ለጠበቃ አስነብቡ። ጄደን ራሻዳ የተባለ ኳርተርባክ ከፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተያያዘ የ13.85 ሚሊዮን ዶላር ቃል ተገብቶልኝ ሳይከፈለኝ ቀረ ብሎ በ2024 የዩኒቨርሲቲውን አሰልጣኝ ጨምሮ ከሷል። በፍሎሪዳ ፋንታ መጀመሪያ የሄደው አሪዞና ስቴት ነው።

ስለ ብር ስታወሩ ትምህርቱን እንዳትረሱ። በአንደኛው ዲቪዚዮን፣ ማለትም በኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ፣ ለመጫወት ማኅበሩ የሚቆጥራቸው 16 መሠረታዊ ኮርሶችና ቢያንስ 2.3 አማካይ ውጤት ያስፈልጋል። ከ16ቱ 10ሩ የመጨረሻው ዓመት ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለባቸው፣ ከነሱም ሰባቱ እንግሊዝኛ፣ ሂሳብ ወይም ሳይንስ መሆን አለባቸው። ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ከትምህርት ቤቱ አማካሪ ጋር ቁጭ ብላችሁ የኮርሶቹን ዝርዝር አንድ በአንድ አመሳክሩ።