የጎዳና ጥበብን፣ ፎቶግራፍንና ዲዛይንን ከነሠሪያቸው ስለማጋራት

ከኢንተርኔት ያገኙትን የሚያምር የግድግዳ ሥዕል፣ ፎቶግራፍ ወይም የዲዛይን ሥራ በቴሌግራም ቻናል ወይም በፌስቡክ ገጽ ለሌሎች ማካፈል የሚወዱ ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ አብዛኛው ምስል እጃችን የሚገባው የሠሪው ስም ጠፍቶ፣ ቦታው ሳይታወቅ፣ ዳር ዳሩ ተቆርጦ፣ አንዳንዴም በሥራው ምንም ድርሻ የሌለው ሰው አርማውን ለጥፎበት ነው። እንዲህ ያለውን ምስል እንዳለ ማስተላለፍ ሠሪውን ይበድላል፤ ተመልካቹም ሥራውን ከወደደ በኋላ የዚያኑ ሰው ሌሎች ሥራዎች ፈልጎ እንዳያይ መንገዱን ይዘጋበታል። በእኔ እምነት ማን፣ የትና መቼ እንደሠራው ያልታወቀ ምስል ለመጋራት ገና አልደረሰም፤ ስለዚህ ይህ መመሪያ ይበልጥ የሚያተኩረው ከማጋራት በፊት ባለው የማጣራት ሥራ ላይ ነው።

ፍለጋውን በምስሉ ራሱ ይጀምሩ። ጎግል ሌንስ በስልክም በኮምፒውተርም የሚሠራ ሲሆን፣ ምስሉን ሲሰጡት ተመሳሳዮቹን ከየድረ ገጹ ይሰበስባል። ቲንአይ የተባለው የካናዳ አገልግሎት ደግሞ ውጤቶቹን ከአሮጌው ወደ አዲሱ ማሰለፍና ትልቁን ቅጂ ማስቀደም ስለሚችል ለዚህ ሥራ በጣም ይጠቅማል። ነገር ግን ቲንአይ የሚያሳየው ቀን አገልግሎቱ ምስሉን በዚያ ገጽ ላይ መጀመሪያ ያገኘበት ቀን እንጂ ምስሉ የተነሣበት ቀን አይደለም። ስለሆነም በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ የተገኘውን ገጽ ባለቤት አድርጎ ከመቁጠር ይልቅ ትልቁንና ያልተቆረጠውን ቅጂ ይፈልጉ፤ የሠዓሊው ፊርማ ብዙ ጊዜ በግድግዳው ታችኛው ጥግ ላይ ስለሚሆን፣ ምስሉ ሲቆረጥ ቀድሞ የሚጠፋው እርሱ ነው። ፊርማ ካልተገኘም በሥዕሉ ዙሪያ ያለውን ያስተውሉ። የሱቅ ማስታወቂያ፣ የመኪና ታርጋ፣ የመንገድ ስም የተጻፈበት ቋንቋ ወደ ከተማው ይመራሉ፤ ከተማው ከታወቀ በኋላ በዚያው አገር ቋንቋ መፈለግ በእንግሊዝኛ ብቻ ከመፈለግ የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

አሁን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈጠሩ፣ በምድር ላይ የትም የሌሉ የግድግዳ ሥዕሎች እየበዙ ስለመጡ አንድ ተጨማሪ ፈተና ያስፈልጋል። እውነተኛ ግድግዳ በተለያዩ ሰዎች፣ በተለያየ ሰዓትና ከተለያየ አቅጣጫ ይነሣል። አንድ ግዙፍና አስደናቂ ሥዕል ከአንድ አቅጣጫ በቀር ሌላ ፎቶ ከሌለው፣ ከተማውም ሠዓሊውም ካልተጠቀሰ፣ አለማጋራት ይሻላል።

ማጣራቱ ምን እንደሚያስገኝ በአንድ ሥራ ላይ እንመልከት። በካይሮ ማንሺየት ናስር በሚባለው ሰፈር ግድግዳ ላይ የተሣለ ብርቱካንማ፣ ነጭና ሰማያዊ ጥምዝ የሚያሳይ ፎቶ ደረሰዎ እንበል። «የግብፅ ውብ ሥዕል» ብለው ቢያጋሩት ጥቂት ሰው ወዶት ያልፋል። ቢያጣሩ ግን ጥምዙ ኤል ሲድ የተባለው በፈረንሳይ የተወለደ ቱኒዚያዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ2016 ከባልደረቦቹ ጋር 50 በሚጠጉ ሕንፃዎች ላይ የሣለው «ፐርሴፕሽን» የተባለ ሥራ ቁራጭ መሆኑን ያገኛሉ። መንገድ ላይ የቆመ ሰው የሚያየው ቁርጥራጩን ብቻ ነው፤ ቁርጥራጮቹ ተገጣጥመው አንድ ክብ የዓረብኛ ጽሑፍ ሆነው የሚታዩት ከሰፈሩ በላይ ካለው ከሞቃተም ተራራ ነው። ጽሑፉም የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ የቅዱስ አትናቴዎስ ቃል ሲሆን፣ የፀሐይን ብርሃን አጥርቶ ማየት የሚሻ አስቀድሞ ዓይኑን ይጥረግ የሚል ሐሳብ አለው። ነዋሪዎቹ በአብዛኛው የከተማዋን ቆሻሻ ሰብስበው፣ ለይተውና መልሰው ለጥቅም በማዋል የሚተዳደሩ ኮፕት ክርስቲያኖች መሆናቸው ሲታከልበት፣ ቃሉ ለምን እዚያ ሰፈር ላይ እንደተጻፈ ግልጽ ይሆናል። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው ይኸው አትናቴዎስ በመሆኑ፣ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሥራው የሩቅ አገር ነገር ብቻ ሆኖ አይቀርም። ይህ ሁሉ በሦስት ወይም በአራት ዓረፍተ ነገር ሊጻፍ ይችላል፤ የሚጋራውም ፎቶ የግድግዳው ቁራጭ ሳይሆን ከተራራው የተነሣው ሊሆን ይገባል።

አንድ ምስል ከአንድ በላይ ባለቤት ሊኖረው እንደሚችል ማስታወስም ያስፈልጋል። ሥዕሉን የሣለውና ሥዕሉን በካሜራ ያነሣው ሰው ብዙ ጊዜ የተለያዩ ስለሆኑ ሁለቱም ይጠቀሱ። ሰንሰለቱ ከዚህም ሊረዝም ይችላል። በበርሊን ኢስት ሳይድ ጋለሪ፣ ማለትም 1.3 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝመው የበርሊን ግንብ ቅሪት ላይ፣ የሶቪየት ኅብረቱ መሪ ብሬዥኔቭና የምሥራቅ ጀርመኑ መሪ ሆኔከር ሲሳሳሙ የሚያሳየውን ሥዕል ድሚትሪ ቭሩቤል የሣለው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው፤ መነሻው ግን ፈረንሳዊው ፎቶግራፈር ሬዢ ቦሱ በ1979 የምሥራቅ ጀርመን 30ኛ ዓመት ሲከበር ያነሣው ፎቶ ነበር። ሥዕሉ ተጎድቶ ስለነበር በ2009 ተፍቆ ቭሩቤል ራሱ እንደገና ሥሎታል፤ ስለዚህ ከ2009 በፊትና በኋላ የተነሡ ፎቶዎች የሚያሳዩት አንድ ዓይነት ቀለም አይደለም። መግለጫዎ ላይ ፎቶው የየትኛው ዘመን እንደሆነ መጥቀስ ያለብዎ ለዚህ ነው።

የጎዳና ጥበብ ይጠፋልና ሥራው ዛሬ ስለመኖሩም ይጠይቁ። በኒው ዮርክ ኩዊንስ የነበረው ፋይቭ ፖይንትዝ በመላው ዓለም የታወቀ የግራፊቲ ሕንፃ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 ባለቤቱ በአንድ ሌሊት በነጭ ቀለም አስቀባው፣ ቀጥሎም ሕንፃው ፈረሰ። ፍርድ ቤት በ2018 ለ21 ሠዓሊዎች 6.7 ሚሊዮን ዶላር ያህል ካሣ ፈርዷል። የሕንፃውን ምስል ሲያጋሩ «ይህን ሄዳችሁ እዩ» ማለት ሰውን ማሳሳት ነው። ስትሪት ቪው የተባለው የጎግል የመንገድ ምስሎች አገልግሎት ባለባቸው ከተሞች ቦታውን በኮምፒውተር ከፍቶ የተለያዩ ዓመታትን ምስሎች ማወዳደር ይቻላል።

ለፎቶግራፍ አስተማማኙ ምንጭ የፎቶግራፈሩ የራሱ ገጽ፣ ሥራውን ያሳየው ጋለሪ ወይም ያስነሣው ድርጅት ነው። ለምሳሌ ኢትዮጵያዊቷ ፎቶግራፈር አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2018 ዎተርኤድ ለተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት በአፋር ዳሎል ያነሣቻቸው ፎቶዎች የንጹሕ ውኃ እጦት በሴቶች ላይ የሚያሳድረውን ጫና የሚናገር አንድ ተከታታይ ሥራ ናቸው። አንዱ ብቻ ተነጥሎ «የፋሽን ፎቶ» ተብሎ ሲጋራ ሐሳቡ ይጠፋል። ስለዚህ ከተከታታይ ሥራ የተወሰደ ፎቶ ሲያጋሩ የተከታታዩን ስም ይጻፉ፤ ሙሉው ወዳለበት ገጽ የሚያደርሰውንም ሊንክ ያክሉ።

ፈቃድን በተመለከተ፣ አገራችን በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጅና ተዛማጅ መብቶችን ትጠብቃለች፤ ሠሪው በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠቀስ የመጠየቅ መብት አለው። ስምን መጥቀስ ግን ፈቃድን አይተካም። ክሪኤቲቭ ኮመንስ የተባለው ፈቃድ ያለበት ሥራ በተጻፈለት ቅድመ ሁኔታ ይጋራል፤ አንዳንዱ ስም መጥቀስን ብቻ፣ ሌላው ለንግድ አለመጠቀምን ወይም ሥራውን አለመለወጥን ይጠይቃል። ምንም ፈቃድ የማይታይበትን ሥራ አውርዶ እንደገና ከመጫን ይልቅ የሠሪውን ልጥፍ በሊንክ ማጋራት ይሻላል፤ አለዚያ አጭርና ትሑት መልእክት ጽፈው ፈቃድ ይጠይቁ።

ዲዛይን ለሚወዱ ደግሞ ይህ ጭንቀት የሌለበት ሰፊ ምንጭ አለ። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2017 ከ375,000 በላይ ምስሎችን ለማንኛውም አገልግሎት በነፃ ለቋል። በባልቲሞር የሚገኘው ዎልተርስ ሙዚየም የያዘው የ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጉንዳ ጉንዴ ወንጌልም ገጽ በገጽ ተነሥቶ ተቀምጧል። የዚህን ብራና ሐረጎች ቀረብ አድርገው ቢያዩ፣ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ጥልፍልፎቹ በማዕዘን የተሰደሩበት ሥርዓት ለዛሬ ግራፊክ ዲዛይነር ብዙ የሚያስተምር ነው። የሚደጋገሙትን የውጭ አገር ፖስተሮች ከማጋራት ይልቅ እንዲህ ያለውን በብዛት ብናጋራ እመርጣለሁ።

መግለጫውን ሲጽፉ ስሙን በእኛ ፊደል ካሰፈሩ በኋላ ሠሪው ራሱ በሚጽፍበት ፊደልም ይድገሙት፤ አንባቢ ፈልጎ የሚያገኘው በዚያ ነው። ዓመቱ እ.ኤ.አ. ይሁን ዓ.ም. ለይተው ይጻፉ፤ ይህ ካልተለየ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስሕተት ይፈጠራል። ለምሳሌ፦ «ኤል ሲድ፣ ፐርሴፕሽን፣ ማንሺየት ናስር፣ ካይሮ፣ 2016 እ.ኤ.አ.፤ ከሞቃተም ተራራ የተነሣ» ብለው ይጀምሩና የፎቶግራፈሩን ስም ያስከትሉ። ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከን ምስል ስለሚጨምቀው፣ ዝርዝሩ የሚፈለግ ሥራ ከሆነ ፋይል አድርገው ይላኩት። ከሌላ ቻናል ያገኙትንም ስክሪንሾት ከማድረግ ፎርዋርድ ያድርጉት፤ ምንጩ አብሮ ይታያል። ድረ ገጾች ስለሚዘጉ የምንጩን ገጽ ዌይባክ ማሽን በተባለው የድረ ገጾችን ቅጂ የሚያቆይ አገልግሎት አስቀምጠው ሊንኩን ለራስዎ ይያዙ፤ ከጊዜ በኋላ አንድ ሰው ስሕተት ቢያመለክትዎ በዚያ አመሳክረው ልጥፉን እዚያው ላይ ያርሙ፣ ማረምዎንም ከሥሩ ይግለጹ። ሠሪው «ይነሣልኝ» ካለ ያለ ክርክር ያንሡት።