የቮልሴ ሞተሪኖ በባዶ ይሽከረከር የነበረው ለምንድነው

1968 ሥሪት ቮልስ፣ 12 ቮልት። ያገለገለ ሞተር ካስገባሁለት በኋላ ቁልፍ ሳዞር ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) «እዝዝዝ» ይላል፣ ሞተሩ ግን ንቅንቅ የለም። አልፎ አልፎ ብረት ከብረት ሲፋጭ ይሰማል።

ባትሪ ቀየርኩ፤ ምንም። ሞተሪኖውን ፈትተን ጠረጴዛ ላይ ሞከርነው፤ ጥርሱ ዘሎ ይወጣል፣ ጤነኛ ነው። ሌላ ተውሼ ገጠምኩ፤ ያው። አራት ቀን እንዲሁ አለቀ።

በአምስተኛው ቀን ሞተሩን አወረድነው። የቮላኖውን (የሞተሪኖው ጥርስ ነክሶ የሚያዞረው፣ ሞተሩ ላይ የታሰረው ባለ ጥርስ ከባድ ክብ ብረት) አንድ ጥርስ በጠመኔ ቀብቼ መቁጠር ጀመርኩ። 109! (አንዴ 108 ወጥቶብኝ ደግሜዋለሁ።) ለካ የ6 ቮልት መኪና ቮላኖ ነው። የ12 ቮልቱ 130 ጥርስ አለው፣ ሰፋም ይላል። የኔ ሞተሪኖ እንዴት ይድረስበት?

መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሄጄ ባለ 130 ፈለግኩ። ስትገዙ ዙሪያውን በጣት ዳብሱት። ይህ ሞተር ሲጠፋ ብዙ ጊዜ የሚቆመው ሁለት ቦታ ላይ ስለሆነ ጥርሱም የሚበላው እዚያው፣ ፊት ለፊት በሚተያዩ ሁለት ቦታዎች ነው። መጀመሪያ ያየሁት በሁለቱም በኩል ተሸራርፏል። ርካሽ ነበር፣ ተውኩት። ሁለተኛውን ያዝኩ።

ፍሪሲዮኑም አብሮ ከ180 ወደ 200 ሚሊሜትር ይቀየራል። የቮላኖው የመሃል ዳዶ 36 ቁጥር ነው፤ ቁልፉ ላይ ረጅም ቱቦ ካልሰካችሁ አትድከሙ። የክራንኩ (ቮላኖው የሚታሰርበት የሞተሩ ዘንግ) ወዲያ ወዲህ ጨዋታ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር መሆኑንም ለኩ።

መልሰን ሰቀልነው። በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ።