ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ስናወራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ የ2010 እ.ኤ.አ. ማሳያዎች

እ.ኤ.አ. 2010 ሲነሳ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስታውሰው ሄይቲን ነው። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት ቺሊ በ8.8፣ የቻይናዋ ዩሹ በ6.9፣ የሜክሲኮዋ ባሃ ካሊፎርኒያ በ7.2፣ ኒውዚላንድ በ7.1፣ የኢንዶኔዥያ ሜንታዋይ ደሴቶች ደግሞ በ7.8 መጠን ተናውጠዋል። ስለ መሬት መንቀጥቀጥ በዜናም በወሬም የሚደጋገሙት የተሳሳቱ ግምቶች አብዛኞቹ በዚያ ዓመት በተግባር ተፈትነው ወድቀዋል።

ቁጥሩን የጥፋት መለኪያ አድርጎ መውሰድ

ከሁሉም የሚብሰው ስህተት ይህ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ጥር 4 ቀን 2002 ዓ.ም. ከቀኑ 10 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ላይ ሄይቲን የመታው ነውጥ መጠኑ 7.0 ነበር። ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ የካቲት 20 ቀን፣ ቺሊን የመታው ግን 8.8 ሲሆን፣ የለቀቀው ኃይል ከሄይቲው 500 ጊዜ ያህል ይበልጣል። በቺሊ የሞቱት ሰዎች 525 ገደማ ናቸው፤ በሄይቲ ግን በአነስተኛው ግምት እንኳ ሟቾች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። መጠን የሚለካው ከመሬት በታች የተለቀቀውን ኃይል ነው፤ በአንድ ቤት ላይ የደረሰውን ንቅናቄ የሚወስኑት ደግሞ ርቀቱ፣ ጥልቀቱና የአፈሩ ዓይነት ናቸው። የሄይቲው ነውጥ ማዕከል ከዋና ከተማዋ ከፖርት ኦ ፕረንስ በስተምዕራብ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ርቆ፣ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ነበር። የቺሊው ማዕከል ግን ከኮንሴፕሲዮን ከተማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቅ ነበር።

ከርቀቱ ይልቅ ልዩነቱን ያሰፋው ግን የቤቱ አሠራር ነው። ፖርት ኦ ፕረንስ እ.ኤ.አ. ከ1770 በኋላ ይህን የመሰለ ነውጥ አላየችም፤ ግንበኞቿ ይፈሩ የነበረው አውሎ ነፋስን በመሆኑ፣ ነፋስ የማያነሳው ከባድ የኮንክሪት ጣሪያ እንደ አስተማማኝ ነገር ይታይ ነበር። ያ ጣሪያ የተጫነው ግን በቀጫጭን ኮለኖችና በደካማ ብሎኬት ላይ ነው። በብዙዎቹ ፍርስራሾች ውስጥ የተገኘው ፌሮ ኮንክሪቱን ጨብጦ የሚይዝ ሸንተረር የሌለው ለስላሳ ብረት ነበር፤ ኮለኑን ዙሪያውን የሚያስረው ቀጭን ፌሮም ተራርቆ የታሰረ በመሆኑ፣ ኮለኑ ወደ ጎን ሲገፋ ኮንክሪቱ እየተፈረፈረ ወጥቶ ጣሪያው እንዳለ ቁልቁል ወርዷል። የሀገሪቱ ቤተ መንግሥት ሳይቀር ፈርሷል። በአንጻሩ ቺሊ እ.ኤ.አ. በ1960 በመሣሪያ ከተመዘገቡት ሁሉ ትልቁን፣ የ9.5 ነውጥ ያስተናገደች ሀገር ናት፤ የግንባታ ደንቧ ጥብቅ ከመሆኑም በላይ፣ ሕጉ አልሚውን ሕንጻው ከተጠናቀቀ በኋላ ለዓመታት ለመዋቅሩ ጉድለት ተጠያቂ ያደርገዋል። ይህም ሆኖ በኮንሴፕሲዮን አንድ አዲስ ባለ 15 ፎቅ መኖሪያ ሕንጻ በጀርባው ተጋድሞ ስምንት ሰዎች ሞተዋል፤ ደንብ መኖሩ ብቻ ሁሉንም ሕንጻ አላዳነም።

እኛም ዘንድ ይኸው ስህተት ታይቷል። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ 5.8 ገደማ የሆነ ነውጥ በተከሰተ ጊዜ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በኮንዶሚኒየም ላይኛው ፎቅ የነበረና ምድር ቤት የተኛ ሰው የተሰማቸው እንደማይመሳሰል እየታወቀ፣ ሁለቱም «አዲስ አበባን 5.8 መታት» ይሉ ነበር። ያ ቁጥር የፈንታሌው ነውጥ መጠን እንጂ አዲስ አበባ የተሰማው ንቅናቄ ልክ አይደለም።

ከ7 እስከ 8 ያለውን እንደ አንድ እርምጃ መቁጠር

የነውጥ መጠን በሚለካበት ስኬል አንድ ቁጥር መጨመር የሞገዱን ስፋት በ10፣ የሚለቀቀውን ኃይል ደግሞ በ32 ያህል ያበዛዋል። ሁለት ቁጥር ከተጨመረ ኃይሉ በ1000 ያህል ይበዛል። በነገራችን ላይ ዜና አንባቢዎቻችን አሁንም «በሬክተር ስኬል» ቢሉም፣ ሪክተር እ.ኤ.አ. በ1935 ያወጣው ስኬል ለትልልቅ ነውጦች ስለማይበቃ ለእነርሱ ሥራ ላይ የሚውለው እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ ሌላ መለኪያ ነው።

አንዱ ነውጥ ሌላውን ወለደ ማለት

ሄይቲ፣ ቺሊ፣ ከዚያ ዩሹ በሦስት ወር ውስጥ ሲከታተሉ ሰንሰለት የሠሩ መሰለ። ሄይቲ የምትገኘው የካሪቢያንና የሰሜን አሜሪካ የመሬት ቅርፊቶች ጎን ለጎን በሚፋተጉበት ድንበር ላይ ነው። ቺሊን ያናወጠው የናዝካ ቅርፊት ከደቡብ አሜሪካ ቅርፊት ሥር መስመጡ ሲሆን፣ ዩሹ ደግሞ በሌላ አህጉር በቲቤት አምባ ላይ ናት። ከትልቅ ነውጥ በኋላ ሌላ ነውጥ የመከሰቱ ዕድል በእርግጥ ይጨምራል፤ ይህ ግን በዋናነት በአካባቢው ላሉ ስንጥቆች እንጂ ውቅያኖስ ተሻግሮ ላለ ከተማ አይደለም።

ትልቁ አለፈ ብሎ መዘናጋት

ነሐሴ 29 ቀን 2002 ዓ.ም. ሊነጋ ሲል፣ ከኒውዚላንዷ ክራይስትቸርች ከተማ በስተምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘውን ዳርፊልድን የ7.1 ነውጥ መታት፤ ሕንጻዎች ቢጎዱም ፍርስራሽ ተጭኖት የሞተ ሰው አልነበረም። ክራይስትቸርች ተረፈች ተባለ። የካቲት 15 ቀን 2003 ዓ.ም. ከቀኑ 6 ሰዓት ከ51 ደቂቃ ላይ ግን የ6.2 ተከታይ ነውጥ ከከተማዋ መሀል 10 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ በጣም ጥልቀት በሌለው ቦታ ተነሥቶ 185 ሰዎችን ገደለ። ከእነዚህ 115ቱ የሞቱት በአንድ ሕንጻ ውስጥ ነው፤ ያ ሕንጻ ከመጀመሪያው ነውጥ በኋላ ተፈትሾ አገልግሎት እንዲሰጥ አረንጓዴ ምልክት የተለጠፈበት ነበር። ተከታይ ነውጥ መጠኑ ያነሰ ስለሆነ ጉዳቱም ያንሳል ማለት የመጀመሪያውን ስህተት መድገም ነው።

ለሱናሚ ኃይለኛ ንቅናቄ ወይም ማስጠንቀቂያ መጠበቅ

በሜንታዋይ የደረሰው ከዚህ ሁሉ ይለያል። ጥቅምት 15 ቀን 2003 ዓ.ም. ምሽት መሬቱ የተናወጠው ለስለስ ባለ ሁኔታ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ደሴቶቹን ያናወጠው የ8.4 ነውጥ እጅግ ኃይለኛ ሆኖ ሳለ ትልቅ ማዕበል አላስከተለም፤ ነዋሪው ከዚያ በመነሣት ለስላሳው ነውጥ ምን ያመጣል ብሎ ቢቀመጥ የሚፈረድበት አይመስለኝም። ሆኖም ስንጥቁ ከባሕሩ ጥልቅ ቦይ አጠገብ፣ ከወለሉ ሥር ብዙም ሳይጠልቅ፣ በዝግታ የተንሸራተተ ነበር። እንዲህ ያለው መንሸራተት ሰውን ብዙ ሳያነቃንቅ ባሕሩን ያነሣል። ማዕበሉ በአንዳንድ ዳርቻዎች ከ10 ሜትር በላይ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰዎችን ወሰደ። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ያለ ሰው ሊያስተውል የሚገባው የንቅናቄውን ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን ርዝመቱንም ነው። ለስላሳም ቢሆን አንድ ደቂቃ ያህል ከቀጠለ መሸሽ ይገባል።

በቺሊ ደግሞ ጥፋቱ የመንግሥት አካላት ነበር። የባሕር ኃይሉ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም አውጥቶት የነበረውን ማስጠንቀቂያ መልሶ አነሣው፤ ማዕበሉ ግን እየመጣ ነበር። በብዙ የዓሣ አጥማጅ መንደሮች ሰው የዳነው የ1960ውን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች «ወደ ተራራው!» ስላሉ ነው። ከዋናው ምድር ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ በምትርቀው በሮቢንሰን ክሩሶ ደሴት፣ የ12 ዓመት ልጅ ጀልባዎቹ ባልተለመደ ሁኔታ ሲላተሙ አይታ ወደ አደባባዩ ሮጣ የመንደሩን ደወል በመደወሏ ብዙዎች ነቅተው አመለጡ።

የሟቾችን ቁጥር እንደ ተረጋገጠ መጥቀስ

የሄይቲ መንግሥት 316,000 ሰዎች ሞቱ ብሏል። ሌሎች ጥናቶች ከ100,000 በታች የሚሉም አሉ። በጅምላ በተቀበረበት አገር ቆጠራ አስቸጋሪ ነውና ቁጥሩን የሚጠቅስ ሰው ማን እንዳለው አብሮ ይናገር።

«መሬት ዘንድሮ በዛባት» ማለት

ዓመት የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው። የሜንታዋይን ነውጥ ከሄይቲው ጋር በአንድ ዓመት የሚያስቀምጠው የፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሄይቲና ቺሊ በ2002፣ ሜንታዋይ ግን ከ185ቱ የክራይስትቸርች ሟቾችና መጋቢት 2 ቀን ጃፓንን ከመታው የ9 ገደማ ነውጥ ጋር በ2003 ይውላል። በአንዱ ቆጠራ «የነውጥ ዓመት» የሆነው በሌላው ይሸጋሸጋል። በአማካይ በየዓመቱ 7ና ከዚያ በላይ የሆኑ ነውጦች 16 ያህል ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ከ20 በላይ ተመዝግበዋል፤ በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1989 10 እንኳ አልሞሉም። እንዲህ ያለ መዋዠቅ የተለመደ ነው። ትንንሾቹ ነውጦች ከአያቶቻችን ዘመን ይልቅ ዛሬ በዝተው የሚመዘገቡት ደግሞ መለኪያ ጣቢያዎች ስለበዙ ነው፤ ጨመረ ወይስ አልጨመረም ለማለት የሚያበቃው በየትም ቢከሰቱ ለረጅም ጊዜ ሳይመዘገቡ የማያልፉትን ትልልቆቹን ብቻ ለብዙ አሥርት ዓመታት መቁጠር ነው።