ትራይሎባይትን ስናጠና ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ትራይሎባይት በጥንት ዘመን በባሕር ይኖር የነበረ፣ ዛሬ በቅሪተ አካሉ ብቻ የምናውቀው ባለ ቅርፊት እንስሳ ነው። እሱን ስናጠና ከሁሉ የከፋው ስህተት ቅሪተ አካሉን ከድንጋዩ ነጥሎ ማየት ነው። ብዙ ሰብሳቢዎች ዙሪያውን ጠርበው እንስሳውን ብቻ ያስቀራሉ፤ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ አይመዘግቡም። ትራይሎባይቱ ስለኖረበት ባሕር አብዝቶ የሚነግረን ግን ያ ተጠርቦ የተጣለው ድንጋይ ነው። ለምሳሌ በስዊድን የሚገኘው ሼል የሚባል ጥቁር የጭቃ ድንጋይ ኦክስጅን በጣም ባነሰበት የባሕር ወለል ላይ የተጠራቀመ ጭቃ ነበር፤ የጠቆረውም የሞቱ ፍጥረታት ቅሪት ሙሉ በሙሉ ሳይበሰብስ ስለተቀበረበት ነው። በዚያ ጭቃ ውስጥ ኦሌኒድ የሚባሉት፣ ቅርፊታቸው ስስ የሆነ ትራይሎባይቶች ተከማችተው ይገኛሉ። ሌሎች መኖር በሚያቅታቸው ቦታ እንደኖሩ ያወቅነው ከድንጋዩ ነው።

«የትራይሎባይት ባሕር» የሚባል አንድ ባሕር እንዳለ ማሰብም ያሳስታል። እነዚህ እንስሳት ከ521 ሚሊዮን ዓመት በፊት ታይተው የጠፉት ከ252 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን በብርሃናማና ጥልቀት በሌላቸው የኖራ ድንጋይ ባሕሮችም፣ በጨለማው ጥልቅ ጭቃም ኖረዋል። ከፊሎቹ ትልልቅ ዓይን ነበራቸው፤ ከፊሎቹ ጭራሽ ዓይን አልነበራቸውም። ዳይኖሰሮች ሲመጡ ግን አንድም አልተረፈም ነበርና በአንድ ሥዕል ላይ አብራችሁ አትሣሏቸው።

ሦስተኛው ስህተት ቆጠራ ላይ ይፈጸማል። አንድ ቅሪተ አካል አንድ የሞተ እንስሳ ማለት አይደለም። ትራይሎባይት እንደ ሸርጣን እያደገ ሲሄድ ቅርፊቱን ደጋግሞ ይጥል ነበር፤ ስለዚህ አንዱ ብቻውን ብዙ ቅሪት ሊተው ይችላል። የጉንጮቹ ክፍሎች ከጭንቅላቱ ተለይተው የቀሩ ከሆነ የተጣለ ቅርፊት መሆኑን ጠርጥሩ። መጠናቸው ተቀራራቢ የሆኑ ስብርባሪዎች ባንድ ቦታ ሲከመሩ ደግሞ ሞገድ ወይም የውኃ ፍሰት ለይቶ አምጥቷቸው ሊሆን ይችላል፤ የተገኙበት ቦታ የኖሩበት ላይሆን ይችላል ማለት ነው።

የዛሬውን ካርታም አትመኑ። በጥንታዊዎቹ ንብርብሮች ውስጥ የሰሜን ምዕራብ ስኮትላንድ ትራይሎባይቶች ከጎረቤታቸው ከዌልስ ይልቅ የሰሜን አሜሪካዎቹን ይመስላሉ። ምክንያቱም በዚያን ጊዜ በስኮትላንድና በዌልስ መካከል ያፔተስ የሚባል ውቅያኖስ ነበር። በኤቨረስት ጫፍ አካባቢ ባለው የኖራ ድንጋይ ውስጥም የትራይሎባይት ስብርባሪ አለ፤ ተራራው የቀድሞ ባሕር ወለል ነውና።

ለማጽዳት ብላችሁ ሆምጣጤ አትጠቀሙ። የቅርፊቱ ማዕድን ካልሳይት ነው፤ አሲድ ድንጋዩን ሲበላ እንስሳውንም አብሮ ይበላዋል። በመርፌና በአጉሊ መነጽር በትዕግሥት መሥራት ይሻላል።

የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ። ከሞሮኮ እጅግ ድንቅ ናሙናዎች ይወጣሉ፤ ከሙጫ የተቀረጹ ወይም ከተለያዩ እንስሳት ክፍሎች የተገጣጠሙም ለገበያ ይቀርባሉ። ጥቃቅን የአየር አረፋ ቀዳዳዎች ካያችሁ ሙጫው በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ሊሆን ይችላል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ተገጣጥሞ የተሠራው ነው፤ ከተለያዩ ንብርብሮች የመጡ ክፍሎች ባንድ ሲጣበቁ ፈጽሞ ያልነበረ ባሕር ይፈጥራሉ።